የቤተሰብ የእንስሳት ክሊኒክ ታሪክ ከአሮጌ መዝገብ እንዴት ይወጣል? (ባሕር ዳር)

ሽምብጥ_ሰፈር
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ያለ አንድ የቤተሰብ የእንስሳት ክሊኒክ ታሪኩን በትንሽ ጥራዝ ሊያሳትም ነው። አባትየው በመንግሥት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። ኋላ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፈቱ፤ ልጃቸው ዶክተር ሆና ስትመጣ ቤቱ ወደ ክሊኒክ አደገ። እሳቸው አሁን በሕይወት ስለሌሉ የቀረው ወረቀትና ዕቃ ነው፦ ሽፋናቸው የወለቀ ሦስት መዝገቦች፣ አንድ ካርቶን ደረሰኝ፣ የላምባ ፍሪጅ፣ ሁለት ቡርዲዞ (ማኮላሻ መቆንጠጫ) እና ጠርሙስ የሞላበት ሣጥን። መዝገቦቹ ላይ ቀንና ወር እንጂ ዓመት አልተጻፈም። አንደኛው ጀርባ ላይ ብቻ «ክልል 3» የሚል ማኅተም አለ። ከዚያው መዝገብ አራት መስመር ልገልብጥ፦

ጥቅምት 12፤ በሬ፤ ሐሙሲት፤ ክሳት፣ ተቅማጥ፣ ከመንጋጋ ሥር እብጠት፤ አልቤ 2500፣ 1
ሰኔ 4፤ ላም፤ መሸንቲ፤ ትኩሳት 40.8፣ ገላዋ ሁሉ ጉብጉብ ያለ እብጠት፤ ቴራ 5% 60
መስከረም 28፤ በሬ፤ ወረታ፤ ክሳት፣ የፀጉር መቆም፣ እንባ፤ ቤሬ 1
የካቲት 9፤ ላም፤ ቀበሌ 11፤ ከወለደች 2ኛ ቀን፣ መነሣት እምቢ፣ ጆሮዋ ቀዝቃዛ፤ ካል 400 በደም ሥር

ዘመኑን በምን እንለየው? ከእነዚህ መስመሮችስ ምን ታሪክ ይወጣል?

መዝገብ_ቤት
ስለ ዘመኑ እኔ ልጀምር፤ በሽታውን ሐኪሞቹ ይመጡበታል።

ማኅተምና የታተመ ወረቀት ጥሩ ምስክር ነው። «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት» የሚል ከሆነ የንጉሡ ዘመን ነው፤ «ክፍለ ሀገር» ከሆነ የደርግ፤ «የምዕራብ ጎጃም አስተዳደር አካባቢ» ከሆነ የደርግ መጨረሻ ዓመታት። «ክልል 3» ደግሞ ከ1984 እስከ 1987 ዓ.ም ገደማ ብቻ የነበረ ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ አማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ተባለ። ይህ ግን የሚነግራችሁ መዝገቡ ከዚያ በፊት አለመሆኑን ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት የድሮ ማኅተሙንና የታተመ ወረቀቱን ጨርሶ እስኪያልቅ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ማኅተሙ የጊዜውን ታች እንጂ ላይ አይወስንም።

ደረሰኞቹን በስልክ ቁጥር ለዩ። የባሕር ዳር ስልክ ስድስት አኃዝ ሆኖ መነሻው 08 ከሆነ ከመስከረም 1998 ዓ.ም በፊት የታተመ ነው። 058 ካለ ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አስቸኳይ ነገር አለ፦ በካሽ ሬጅስተር ማሽን የወጡ ደረሰኞች ጽሕፈታቸው በሙቀት የሚወጣ ስለሆነ በጥቂት ዓመት ይነጣሉ። ካርቶኑ ውስጥ ካሉ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱ። የካርቦን ቅጂዎቹ ይቆያሉ፤ ቢደበዝዙም በጎን ብርሃን ይነበባሉ። የወለቀውን ሽፋን በፕላስቲክ ፕላስተር እንዳትጠግኑት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። በሰፊ ክር አስራችሁ በካርቶን መካከል ማስቀመጥ ይበቃል። የጣና ዳር እርጥበት ለወረቀት ክፉ ነው፤ በክረምት ከግድግዳ አስጠግታችሁ አታስቀምጡ።

የዘመን አቆጣጠሩንም አደራ። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጠርሙስና ካርቶን ላይ ያለው የማብቂያ ቀን ግን በፈረንጅ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሁሉንም በአንድ ቁጥር የለወጠ ሰው የጥቅምቱን መስመር አንድ ዓመት ያንሸራትተዋል።

ቡርዲዞ
ሌላው የዘመን መለያ የመድኃኒት ስም ነው። መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከወጣበት ዓመት በፊት መዝገብ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ቤሬኒል በ1955፣ አልቤንዳዞል በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ አይቨርሜክቲን በ1981፣ ትሪክላቤንዳዞል በ1983፤ ሁሉም እ.ኤ.አ ነው። ባሕር ዳር ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ ይህም እንደ ማኅተሙ ታች ወሰን ብቻ ይሰጣል። በጉበት ትል ረድፍ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ወይም ሄክሳክሎሮኢቴን የሚል መዝገብ ካገኛችሁ ግን የድሮ የመንግሥት ክሊኒክ መዝገብ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ወደ መስመሮቹ። የመጀመሪያው የጉበት ትል ነው ተብሎ የታከመ በሬ ነው። ልብ በሉ፣ «ተብሎ» ነው ያልኩት፤ የምርመራ ረድፍ የለውም። የመንጋጋ ሥር እብጠት ከጉበት ትል ይመጣል፣ ከጨጓራ ትልም ይመጣል፣ ከረኃብም ይመጣል። መጠኑ ግን ብዙ ይናገራል። 2500 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል («አልቤ») ያለበት አንድ ቦለስ፣ ማለትም ትልቅ እንክብል፣ ለጉበት ትል በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ሲሰላ የሚበቃው ለ250 ኪሎ ከብት ነው። የፎገራ በሬ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ወይ በሬው በጣም ከስቷል ወይ መጠኑ አንሷል። ክብደቱን ለመገመት የደረት ዙሪያውን በሜትር ለክቶ በራሱ አባዝቶ፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ባለው ርዝመት ደግሞ አባዝቶ፣ ለ10,840 ማካፈል ነው፤ ልኬቱ በሳንቲ ሜትር ይሁን። ዙሪያው 155፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 288 ኪሎ ይወጣል፤ አንድ ቦለስ አይበቃውም ማለት ነው።

ወሩም አስተማሪ ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው የበሰለውን ትል ነው፤ ከ12 ሳምንት በታች ያለውን ጉበት ውስጥ እየበላ የሚጓዘውን ልጅ ትል አይነካም። ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ውኃው በሚሸሽበት ረግረግ ላይ የተነሣው ትል በጥቅምት ገና ልጅ ነው። ስለዚህ ያው በሬ ጥር ላይ ተመልሶ ተጽፎ እንደሆነ መዝገቡን ፈልጉ። ካገኛችሁት «መድኃኒቱ አልሠራም» አትበሉ፤ ጊዜው ነው ያልገጠመው። ልጁን ትል ጭምር የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል (ለከብት በኪሎ 12 ሚሊ ግራም) መዝገቡ ውስጥ ከየት ገጽ ጀምሮ እንደሚታይ ካወቃችሁ ክሊኒኩ ይህን መቼ እንደተረዳ ታገኛላችሁ፤ ለጥራዙ ጥሩ ምዕራፍ ነው። አልቤንዳዞል በመጀመሪያው ወር ላረገዘች ላም እንደማይሰጥም የሚያውቅ ሰው «ከብት አረገዘች ወይ» የሚል ረድፍ ይጨምራል፤ ያ ረድፍ በየትኛው መዝገብ እንደተጀመረ እዩ።

ሁለተኛው የጉርብርብ በሽታ ነው፤ ለማየት እንኳ የማያጠያይቅ። ይህ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1983 እ.ኤ.አ ከጣና ደቡብ ምዕራብ በኩል ነው፤ እኛው ሰፈር ማለት ነው። ሕክምናው ቫይረሱን አይገድልም፤ ቴራማይሲኑ ቁስሉ ላይ የሚመጣውን ባክቴሪያ ለመከላከል ነው። 60 ሚሊ የሚለው ከ5% ጠርሙስ ነው፦ 50 ሚሊ ግራም በሚሊ፣ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ 300 ኪሎ። ያን ሁሉ በአንድ ቦታ መውጋት አይቻልም፤ ተከፋፍሎ ነው። «ቴራ 30» ብቻ የሚል መስመር ካያችሁ ግን አትቸኩሉ፤ ለዚያው ላም በ10% በኪሎ 10 ሚሊ ግራምም 30 ይሆናል፣ ረጅም ጊዜ በሚቆየው በ20% በኪሎ 20 ሚሊ ግራምም 30 ይሆናል። ጠርሙሱ የማይታወቅ ከሆነ «አይለይም» ብላችሁ ጻፉ።

ሽምብጥ_ሰፈር
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ጥር ላይ «ሐሙሲት፤ በሬ፤ የጥቅምቱ፤ ድጋሚ አልቤ 2500፣ 2» የሚል መስመር አገኘሁ! ሦስተኛውና አራተኛውስ?

ቡርዲዞ
ሁለት ቦለስ ሰጥተዋል አይደል፤ ክብደቱን አስተካክለዋል ማለት ነው። ያንን ገጽ ፎቶ አንሡና ጥራዙ ውስጥ ያስገቡት።

ሦስተኛው ገንዲ ነው፤ የደም ጥገኛ የሚያመጣው በሽታ። ጣና ዳር ፄፄ ዝንብ ስለሌለ ገንዲ የለም የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አለ። የጣና ዙሪያው ገንዲ በተለይ ትሪፓኖሶማ ቫይቫክስ የሚባለው ሲሆን ሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች በአፋቸው ከከብት ወደ ከብት ያዛውሩታል። ቤሬኒል «1» ማለት 1.05 ግራም ዲሚናዚን ያለበት 2.36 ግራም ከረጢት ነው፤ በ12.5 ሚሊ ንጹሕ ውኃ ይበጠበጥና በኪሎ 3.5 ሚሊ ግራም ሲሰላ 300 ኪሎ ያክማል። ከበሬው ክብደት በታች ሰጥቶ ማሳነስ ጥገኛውን መድኃኒቱን ያስለምደዋል፤ ለዚህ ነው ከረጢት ለሁለት ከብት አካፍሎ መስጠት የተጠላው።

አራተኛው የወተት ትኩሳት ነው፤ ስሙ ትኩሳት ይባላል እንጂ ላሟ ቀዝቃዛ ናት። ካልሲየም 400 ሚሊ ማለት 40% ካልሲየም ቦሮግሉኮኔት ነው፤ ጠርሙሱ በሞቀ ውኃ ለብ ይላል፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በቀስታ ይሰጣል፣ ልብ እየተደመጠ። ፈጥኖ የሰጠ ሰው ላሟን እዚያው ይገድላታል። ለታሪክ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። የወተት ትኩሳት ብዙ ወተት የምትሰጥ የዲቃላ ላም በሽታ ነው፤ በሐበሻ ላም ብዙም አይታይም። «ቀበሌ» የሚል አድራሻና «ካል 400» አብረው መደጋገም ከጀመሩበት ገጽ ወዲህ የክሊኒኩ ደንበኛ ከአራሽ ወደ ከተማ ወተት አምራች እየዞረ ነው ማለት ነው።

ጉማራ
ዶክተር ቡርዲዞ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። መዝገብ የበሽታ ካርታ አይደለም። በመዝገቡ ላይ የሚታየው ወደ ክሊኒኩ መድረስ የቻለ ከብት ነው። ከፎገራ በኩል ሐምሌና ነሐሴ መዝገቡ ቀጭን ከሆነ በሽታ ቀንሶ አይደለም፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ይጥለቀለቃል፣ ከብት አይነዳም። መስከረም ላይ መስመሩ በድንገት የሚበዛው የተጠራቀመው ሲመጣ ነው። ከፋሲካ በፊት ደግሞ የትል መድኃኒት ይበዛል፤ ሰው በግና ሰንጋውን ለገበያ እያደለበ ነው። ሰንጠረዥ ከሠራችሁ «የክሊኒኩ ጎብኚዎች» በሉት እንጂ «የአካባቢው በሽታ» አትበሉት።

ሌላው፣ በመድኃኒት ቤት ዘመን የተጻፈው ሽያጭ ነው። ገበሬው ምልክቱን ነግሮ መድኃኒት ገዝቶ ሄዷል፤ ከብቱን ያየ ባለሙያ የለም። በክሊኒክ ዘመን ግን ሙቀት ተለክቶ ይጻፋል። 40.8 የሚል ቁጥር ያለበት መስመር ላሟ ቀርባ እንደታየች ምስክር ነው። ሙቀት የተጻፈባቸውን መስመሮች ለብቻ ቁጠሩ።

ደንገል
ጉማራ ጥሩ ብለዋል። አንድ ላክል፦ አድራሻው «ዘጌ» ሆኖ በሬ ወይም ላም ከተጻፈ ተጠንቀቁ። በባሕረ ገቡ ላይ በጥንቱ የገዳማቱ ሥርዓት ማረስም ከብት ማርባትም የተከለከለ ስለሆነ ከዚያ የሚመጣ ከብት ሊኖር አይገባም። ምናልባት ከባሕረ ገቡ መግቢያ ውጭ ያለ ሰው አካባቢውን ለማስረዳት «ዘጌ» ብሎ ይሆናል፤ ወይም ነጋዴ ነው።

በግንቦትና ሚያዝያ «ከአፍ ደም» የሚል መስመር ካለ ምናልባት አልቅት ነው፤ ውኃው ሲቀንስ ከብቱ ከዳር የሚጠጣበት ጊዜ ነው። መስመሩ ብቻውን ግን አያረጋግጥም።

ጥያቄ አለኝ፦ ክሊኒኩ አጉሊ መነጽር (ማይክሮስኮፕ) መቼ ገዛ? እሱ ከመጣ በኋላ የጉበት ትል መስመር ላይ «ደለል +» የሚል ምልክት መታየት አለበት።

ቡርዲዞ
የደንገልን ጥያቄ ማብራራት ይገባል፤ በሥዕልም ቢሆን ጥራዙ ውስጥ ይግባ። የደለል ምርመራ ማለት 3 ግራም ፋንድያ በ50 ሚሊ ውኃ በጥብጦ በወንፊት ማጥለል፣ 5 ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ላዩን ቀስ ብሎ መድፋት፣ እንደገና ውኃ ጨምሮ 5 ደቂቃ ማስቀመጥ፣ በመጨረሻው ዝቃጭ ላይ አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ማድረግ ነው። በትንሹ ሌንስ ሲታይ ቆሻሻው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ የጉበት ትሉ እንቁላል ወርቅማ ቢጫ ሆኖ ይለያል፣ ጫፉ ላይ ክዳን አለው። የሚያሳስተው የጨጓራው ትል የፓራምፊስቶም እንቁላል ነው፤ ቅርጹ ያው ነው፣ ቀለሙ ግን ግራጫ ነው። በጣና ዳር ሁለቱም አንድ ከብት ውስጥ ይገኛሉ። ማቅለሚያ ሳይደረግ «+» የተጻፈ ከሆነ ብዙ አትመኑት።

ሽምብጥ_ሰፈር
ደለል የሚለው በሦስተኛው መዝገብ መሐል ይጀምራል። አጉሊ መነጽሩ ደረሰኝ ላይም አለ፣ ቀኑም አለ። ስለዚህ አንድ ቋሚ ነጥብ አገኘን!

አሁን ሌላ ግራ የገባኝ ነገር። ሁለተኛው መዝገብ ውስጥ ተከታታይ ገጾች «ደስታ ክትባት፤ ከብት፤ ብዛት፤ ቀበሌ ገበሬ ማኅበር» ይላሉ። ቤተሰቡ የክሊኒኩ መነሻ ይሄ ነው ይላል፤ አባታቸው ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ያጠፉበት።

መዝገብ_ቤት
ያ የመንግሥት ዘመቻ መዝገብ ነው። «ገበሬ ማኅበር» የሚለው ስምም በደርግ ዘመን የተጀመረ ነው። በደርግ ጊዜ የግል የእንስሳት መድኃኒት ቤት ብሎ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የግሉ ሥራ የተስፋፋው ከ1983 ዓ.ም ወዲህ ነው። ስለዚህ የክሊኒኩን ልደት ከዚያ ገጽ መቁጠር ልክ አይመስለኝም። የተቋሙ መነሻ የንግድ ፈቃዱ ቀን ነው።

ጉማራ
እኔ አልስማማም። ፈቃድ ወረቀት ነው። ገበሬው ያን ሰው ያመነው በደስታ ክትባት ዘመቻ በየሰፈሩ ሲዞር ስላየው ነው፤ ኋላ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ያመጣው ያው እምነት ነው። ሁለት ቀን መጻፍ ይቻላል፦ ሙያው የጀመረበትና ቤቱ የተከፈተበት። ሁለቱን ግን አንድ አታድርጉ። ለእንስሳት ጤና ረዳት ትልቅ ቦታ ስጡት፤ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ደብረ ዘይት የተከፈተው በ1979 እ.ኤ.አ ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ዓመት ሜዳውን የያዙት ረዳቶቹ ነበሩ።

የደስታን ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ ከክፉ ቀን ጀምሩ። በሽታው በ1887 እ.ኤ.አ በምጽዋ በኩል ገብቶ የሀገሪቱን ከብት ከሞላ ጎደል ጨረሰው፤ በሬ ስለጠፋ እርሻ ቆመ፣ ረኃቡም ተከተለ። ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ በ2008፣ ዓለም በሙሉ በ2011 ታወጀ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ። አባትየው «አጠፉት» አይባልም፤ «በማጥፋቱ ዘመቻ ከትበዋል» ይባላል። መዝገቡ ስንት ከብት እንደከተቡ ራሱ ይናገራል፤ ደምሩት።

ሽምብጥ_ሰፈር
ተስማምቻለሁ፣ ሁለት ቀን እንጽፋለን። ስለ ዕቃዎቹም ንገሩኝ። ፍሪጁና ቡርዲዞዎቹ መግቢያው ላይ ለዕይታ ይቀመጣሉ ተብሏል።

ቡርዲዞ
ፍሪጁን ስትተክሉ ውኃ ልክ ተጠቀሙ፤ ይህ የላምባ ፍሪጅ ሞተር የለውም፣ ከታች ያለው ነበልባል ያሞቀው ፈሳሽ በራሱ እየዞረ ነው የሚያቀዘቅዘው። ካዘነበለ አይዞርም፤ ትንሽ ዘመም ብሎ «ተበላሸ» የተባለ ፍሪጅ ስንት አለ መሰላችሁ። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነ ክሩ አልተከረከመም፣ ጥላሸት ጭስ ማውጫውን ይደፍናል። ባሕር ዳር ከተማ ከጢስ ዓባይ በ1964 እ.ኤ.አ ጀምሮ መብራት አላት፤ ስለዚህ ይህ ፍሪጅ ከተማ ውስጥ ያገለገለ ሳይሆን ምናልባት ከገጠር ክሊኒክ የመጣ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ጎብኚ «ከቀዘቀዘ ይሻላል» ብሎ እንዳይሳሳት በጽሑፍ አስረዱ፦ የአባ ጎርባና የጎሮርሳ ክትባት የሞተ ጀርም ነው፣ በረዶ ከሆነ ይፈረፍርና ዋጋ ያጣል።

ቡርዲዞዎቹን መንጋጋቸውን ከፍታችሁ አስቀምጡ፤ ተዘግቶ የቆየ ቡርዲዞ ጉልበቱ ይደክማል። አሁንም ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ክር በሁለት ወፍራም ወረቀት መሐል አድርጋችሁ ቆንጥጡት፤ ክሩ ተቆርጦ ወረቀቱ ካልተቆረጠ ደህና ነው። ቆዳ ሳይቆርጥ የቆለጡን ገመድ ብቻ መጨፍለቅ ነው ሥራው።

ሽምብጥ_ሰፈር
ጠርሙሱ ሣጥን ውስጥ አንድ ትንሽ ብልቃጥ አለ፣ በደረቅ ዱቄት መልክ፣ ላስቲኩ ያልተበሳ። ጽሑፉ ሪንደርፔስት ይላል። ለዕይታ የሚሆን ይመስለኛል።

ጉማራ
ኧረ አይሆንም! አትክፈቱት፣ አትጣሉት፣ አታቃጥሉት። ያ የደስታ ክትባት ነው፤ ውስጡ የደከመም ቢሆን ሕያው ቫይረስ ነው። በሽታው በዓለም ላይ ከጠፋ በኋላ አገሮች ሁሉ የቀራቸውን የደስታ ቫይረስና ክትባት እንዲያስወግዱ ወይም በተፈቀደ ቦታ ብቻ እንዲይዙ ተስማምተዋል። ከተፈቀደላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ ነው። ብልቃጡን በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ በጠንካራ ዕቃ ክደኑት፣ ምልክት አድርጉበት፣ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ላለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ደውሉ። እነሱ መንገዱን ያውቃሉ። ጽሑፉን ብቻ በሩቁ ፎቶ አንሡ፤ ለዕይታ ፎቶው ይበቃል።

ቡርዲዞ
የቀሩትንም ጠርሙሶች በጓንት አውጡ። «ሰንጋ» (የአባ ሰንጋ በሽታ) የሚል ክትባት ካለ ስፖር፣ ማለትም ሕያው የጀርም ዘር ነው፣ ዓመታት ይቆያል፤ ከብልቃጡ ጋር አብሮ ይሂድ። ጋማክሲን፣ ዲዲቲ ወይም ቶክሳፌን የሚል የተባይ መርዝ ቆርቆሮ ካለ ከመዝገቦቹ ክፍል ዛሬውኑ ይውጣ፤ ሽታው ወረቀቱ ውስጥም ይገባል።